ጌታ ስሟን ያውቃል

ስም አልጠራሁም። ይኼን ከሁሉ አስቀድማችሁ እወቁልኝ። በዚያ ሳምንት ለባሌም፣ ለራሴም፣ ለመታጠቢያ ቤቱ መስታወትም ደጋግሜ የነገርኩት ይኼንኑ ነው። ስም አልጠራሁም፤ መቶ ጊዜ አገላብጣችሁ ብታነቡት ስም የለበትም።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ክሊኒክ የሰው ክንድ አስሬ፣ ደም ሥር ፈልጌ፣ ቀድቼ፣ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ለጥፌ ስመረምር ኖሬያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች "እህት መርፌ" ነው የሚሉኝ፤ እሑድ ደጃፍ ላይ ሲያዩኝ ክንዳቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። እጄ ቀላል ነው፣ ስወጋ አላሳምምም፣ ግን ማን ሊያምነኝ።

ነገሩ ከመድረሱ ሦስት እሑድ ቀደም ብሎ ሰባኪያችን እምነታችንን ከእሑድ ልብሳችን ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ሰኞ ሥራ እንዳንገባ ሲነግረን ነበር። "እምነቱን ወደ ሥራ ቦታው ለመውሰድ የወሰነ እጁን ያንሣ" አለ። መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ "ቀስ በይ፣ ጣሪያውን እንዳትወጊው" አለኝ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ምንም ነገር ላይ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አያልፍም። ገፋ አድርጌው እጄን ከፍ እንዳደረግኩ ቆየሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የሰፈራችን ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ሠራተኞች ለዓመታዊ የጤና ምርመራ መጡ። አራት ናቸው፤ ከአራቱ አንዷ እማማ ጭልፋ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ጭልፋቸውን እንደ ሌላው ሰው ድስት ውስጥ ትተው አይሄዱም፤ ሽርጣቸው ላይ ሻጥ አድርገውት ነው ግቢውን የሚዞሩት። ለእኔ ግን እትዬ ናቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ቤቴ እየመጡ ዕቃዬን አጥበው ይሄዱ ነበር። ጥቅስ አልጠቀሱልኝም፣ አይዞሽ እንኳን አላሉኝም፤ አጥበው፣ እጃቸውን አድርቀው፣ ግንባሬን ስመው ውልቅ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሳቸው የጸሎት ጓደኛሞች ነን፤ እሳቸው ሲጨንቃቸው ይደውሉልኛል፣ እኔም ሲጨንቀኝ እደውላለሁ።

የሦስቱ ምርመራ አንድ አንድ ቀይ መስመር አወጣ። የእትዬ ሁለት አወጣ። ዓይኔን አሸሁና እንደገና ሠራሁት፤ ሁለት። ሁለት መስመር ማለት ደማቸው ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ በሁለተኛ ምርመራ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ዶክተሯ ታማሚውን አስቀምጣ ትነግረዋለች። እስከዚያ እኔ አፌን እዘጋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ዘግቻለሁ፤ የገዛ አማቴን ውጤት እንኳ ለባሌ አልነገርኩም።

ያን ቀን ግን አልቻልኩም። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ በጓንት ካርቶኖች መሐል ተንበርክኬ አለቀስኩ። እዚያው ብነሣና ፊቴን ታጥቤ ብወጣ ምናለ! እኔ ግን አንድ ሰው ብቻውን ከሚጸልይ ብዙ ሰው ቢጸልይ አልኩ። ይኼ ነዋ እምነትን ወደ ሥራ መውሰድ ማለት! ስልኬን አውጥቼ "የማለዳ ጸሎት" የሚባለው ስድሳ ሦስት ሰው ያለበት፣ እትዬ ግን ስልካቸው ከመደወል ስለማያልፍ የሌሉበት የጸሎት ቡድናችን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ቅዱሳን፣ በልጆች ማዕድ ለምታገለግል አንዲት እናት በጸሎት ትጉላት። ዛሬ በምርመራ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባታል፤ እሷ ገና አልሰማችም። ጌታ ስሟን ያውቃል።"

እስከ ምሳ ሰዓት አርባ አንድ "አሜን" ደረሰኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ እያንጎራጎርኩ ነው የሠራሁት።

ረቡዕ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ከቡድኑ አንዷ፣ የሦስት ተማሪዎች እናት፣ ለብቻዬ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "እህቴ፣ ይቺ እናት የኛዋ ትምህርት ቤት ናት እንዴ? ልጆቼ እዚያ ነው የሚበሉት። እንድጸልይ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።"

 የጻፍኩትን አውጥቼ እንደ ባዳ ሰው አነበብኩት። በአካባቢያችን ለልጆች ምሳ የሚያበላ ትምህርት ቤት ስንት ነው? አንድ። ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች እኛ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ስንት ናት? አንድ። ጌታ ስሟን ያውቃል ብዬ ስድሳ ሦስት ሰው እንዲያውቀው አድርጌ ቁጭ! ከምወርድበት ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ሰረዝኩት። ምን ዋጋ አለው! የተሰረዘ ነገር "ይህ መልእክት ተሰርዟል" የሚል ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ያላነበበው ሁሉ ያነበበውን ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ለሴትዮዋ "ስም አልጠራሁም፤ ብቻ ጸልዪ" ብዬ መለስኩላት። እሷም "አሜን" አለችኝ።

እዚህ ላይ የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ያ ቫይረስ በምግብ አይተላለፍም። በሰሐን፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። በደም ነው፣ በግንኙነት ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወለድ ነው። እትዬ ምናልባት ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ኖሮ ይሆናል፤ እሳቸው ያበሉት ልጅ ዛሬ ጎልምሶ ልጁን እዚያው አስገብቷል። ይኼን ከስድሳ ሦስቱ ሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብጽፍ ይበቃ ነበር። ግን "አትፍሩ፣ በምግብ አይተላለፍም" ብዬ ከጻፍኩ "አዎ፣ እሳቸው ናቸው" ማለቴ ነው። ዝም ካልኩም እሳቸውን እያስበላሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሳነሣና ስጥል፣ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ፤ አንድ ብልቃጥ ሰበርኩ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ወጋሁ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ።

"ልጄ፣ ሥራ ላይ ነሽ?"

"ግድ የለም እትዬ፣ ይናገሩ።"

"ምን እንደ ሆነ እንጃ። ትናንት ግማሾቹ ልጆች ምሳቸውን ከቤት ይዘው መጡ። ዛሬ ደግሞ ሁሉም። ድስቱ እንደ ሞላ ተመለሰ። ረዳቴም ጠዋት አሞኛል ብላ ሄደች። ዱቄቱ ሸተተ ይሆን ብዬ አየሁት፣ ውሃውን ቀመስኩ፣ ምንም የለም። አንዷን ሕፃን ጠርቼ ምነው ብላት እናቴ አትንኪው ብላኛለች አለችኝ። ምን በድያቸው ይሆን?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ምርመራውስ እንዴት ሆነ? ነገ ነው አይደል?" አሉ።

"ነገ ነው፤ ዶክተሯ ትነግርዎታለች።"

"በይ አሁን ጸልዪልኝ። ድስቱን ሳየው አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።"

ጸለይኩ። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆሜ፣ ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሐል ቆልፌ፣ ጌታ ሆይ ምክንያቱን ግለጥላት ብዬ ጸለይኩ! ምክንያቱ ጸሎት አድራሽ ሆኖ ቆሞ! ከዚያ እሳቸው ጸለዩ፤ ለልጆቹ፣ ለወላጆቻቸው፣ በመጨረሻ ለእኔ። በየመሐሉ አሜን አልኩ። 

ከሥራ ስወጣ ደግሞ የጸሎት ቡድናችን ሰብሳቢ ደወለ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱው ነው፤ መድን ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ነገር ሁሉ በእጁ ለስልሶ የሚወጣ ሰው።

"እህታችን፣ በሰዓቱ ስላነቃሽን ጌታ ይባርክሽ" አለ። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል። እናታችንን በፍቅር ልናሰናብታቸው ነው። ምክንያቱን አንነግራቸውም፣ እንዳያፍሩ። ዕድሜዎ ገፍቷል፣ ይረፉ ብለን ሽልማት ቢጤ እንሰጣቸዋለን። ስለ ስብሰባው ጸልዪልን።"

"እሳቸው እኮ ማንንም…" አልኩና ቆምኩ።

"አቤት?"

"ምንም። እጸልያለሁ።"

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይቺ "ምንም" ናት። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም" አልኩት።

ቤት ስገባ ባሌ ሳሎኑ ጥግ የሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ስመላለስ የስፌት መኪናውን አቆመና አየኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ቀልድ ይጀምራል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጀመረም።

"ስም አልጠራሁም እኮ" አልኩት።

"ወሬ ነው ያወራሽው።"

"ጸሎት ነው!"

"ጸሎት ወደ ላይ ነው የሚባለው። አንቺ ወደ ጎን ነው ያልሽው።" መቀሱን አስቀመጠ። "ሰውዬው ነገ ሲያሰናብታቸው ምን ትሆኛለሽ?"

"ከተናገርኩ ከሥራ እባረራለሁ። የሙያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። የዚህ ቤት ኪራይ በአንተ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ይከፈላል ብለህ ነው?"

"አይከፈልም" አለ። ከዚያ ሱሪውን ወደ መኪናው መለሰ። ተናደድኩበት፤ ራት አቅርቤለት እኔ አልበላሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ክሊኒክ ደረስኩ። ሁለተኛው ምርመራ ያንኑ አረጋግጧል። ዶክተሯ ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች፣ ግን አለቃዬ ናት። ቦርሳዋን ሳትሰቅል ገብቼ ነገርኳት። ስልኬንም ሰጠኋት። መልእክቱ ቢሰረዝም ከሥር የተደረደረው አሜን አልተሰረዘም፤ ጣቷን እያንሸራተተች እስከ ታች ወረደች።

"አንቺ?" አለች። "ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም። አንቺ?"

 ቆሜ አለቀስኩ።

"ለቅሶሽን ለቤትሽ አቆዪው። ሪፖርት አደርግሻለሁ፣ ማድረግ አለብኝ። ዛሬ የመጨረሻ ቀንሽ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ አራት ሰዓት ላይ ሲገቡ ግን እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ማን እንዳወራው ከእኔ አይሰሙትም፤ ከአንቺ ነው የሚሰሙት።"

እትዬ አራት ሰዓት ላይ ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ነጠላ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። "እሰይ፣ አንቺም አለሽልኝ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው፣ ብዙ ሰው አብሮት ዕድሜውን ጠግቦ እንደሚኖር፣ ሁሉንም።

"ልጆቹንስ?" አሉ እትዬ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነበር። "ልጆቹን አስይዣቸው ይሆን?"

"አላስያዙም። በምግብ አይተላለፍም። ቢላዋ ቢቆርጥዎ ቁስሉን ይሸፍናሉ፣ ያ ለማንም ቢሆን ያው ነው። ወጥ ቤትዎን የሚከለክል ነገር የለም፤ በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ።"

ተነፈሱ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ታዲያ ልጆቹ ለምን አይበሉም? እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው። እነሱ ከየት ሰሙ?"

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ከእኔ ነው" አልኩ። "ማክሰኞ ለጸሎት ቡድኑ ጻፍኩት። ስም…" ልል ነበር። አልጨረስኩትም። "እርስዎ መሆንዎን ሁሉም አወቀ።"

ይሰድቡኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ትናንት ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጸልዪልኝ ስልሽ?"

"አዎ።"

"አሜን፣ አሜን ስትዪኝ የነበረው ምን ላይ ነው?"

 መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ወንበሩ ሥር ያኖሩትን ቦርሳቸውን አነሡ፣ የዶክተሯን ወረቀት አጥፈው ከተቱና በሩ ላይ ቆሙ።

"ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ተጠርቻለሁ። ለሽልማት ነው ብለውኛል። ሽልማቱ ምን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?"

"ሊያሰናብቱዎት ነው።"

"እንግዲያው አብረን እንሂድ" አሉ።

ስብሰባው የልጆቹ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስምንት ሰዎች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀምጠዋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞትኩ። ጠረጴዛው ላይ በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ አለ። ሰብሳቢያችን ዓይኑን ጨፍኖ ስብሰባውን በጸሎት ሊከፍት ሲል "ቆይ" አልኩ። "አትክፈተው። መጀመሪያ እኔ ልናገር።"

ዓይኑን ገለጠ። እኔም ተናገርኩ። እያንዳንዷን ቃል እንደ ጥርስ ነው የነቀልኩት። የሥራዬን አደራ በልቼ የሰው ሚስጥር እንዳወጣሁ፣ እሳቸው ሳይሰሙ ስድሳ ሦስት ሰው እንደ ሰማ፣ በሽታው በምግብ እንደማይተላለፍ፣ ረቡዕ ጠዋት ይኼን መናገር ስችል ለራሴ ብዬ ዝም እንዳልኩ። እትዬ ከጎኔ ቆመው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽልማቱ አጠገብ አኖሩት።

ድምፅ የላከችልኝ የሦስት ልጆች እናት አቀረቀረች። ሰብሳቢያችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። "እኛ እንግዲህ በፍቅር ነበር…" አለ።

"ማናችሁም አልጠየቃችሁኝም" አሉ እትዬ። "አሥራ ስምንት ዓመት ልጆቻችሁን ሳበላ ኖሬ፣ ምን ሆነሽ ነው ብሎ አንድ ሰው የወጥ ቤቱን በር አላንኳኳም። ስትጸልዩልኝ ሰንብታችኋል አሉ።"

ያኔ አንድ ነገር ልሠራ ፈለግኩ። የምግብ ማደያው መስኮት ላይ የዕለቱ ምግብ ሳይበላ የቀረበት ድስት ነበር፤ ሄጄ ሰሐን አነሣሁ፣ ሁሉም እያየኝ ልበላ። እትዬ ሰሐኑን ከእጄ ወሰዱት።

"አንቺ እንድትታዪበት አይደለም ያበሰልኩት" አሉኝ። "ልጆቹ እንዲበሉት ነው። ተይው።"

ተውኩት። የት እንደምገባ ጠፍቶኝ በጓሮ በር ወጣሁ።

እትዬ አልተሰናበቱም። ሽልማቱን ሰብሳቢያችን በብብቱ ይዞት ተመለሰ። እኔ ግን የዚያኑ ዕለት በደብዳቤ ታገድኩ፤ ፈቃዴ በኮሚቴ እስኪታይ ክሊኒኩ ደጃፍ እንዳልደርስ። ባሌ ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈና የእሑድ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። "ሱሪ የረዘመበት ሰው መንደሩ ውስጥ ቢበዛ ጥሩ ነበር" አለ። ያኔ ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማለዳ ጸሎት ነው።

"ቅዱሳን፣ በፈተና ውስጥ ላለችና ከሥራዋ ለታገደች አንዲት የሕክምና ባለሙያ እህታችን በጸሎት እንትጋ። ጌታ ስሟን ያውቃል።"

ወይ ጉድ! ተቀምጬ አሜኖቹን አየኋቸው፤ እየተከታተሉ ይገባሉ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት። የደወለልኝ ሰው የለም። ከስድሳ ሦስቱ አንድም በሬን አላንኳኳም። ስልኩን ከሶፋው ትራስ ሥር ከተትኩና ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ወለወልኩ፤ የተወለወለውንም እንደገና ወለወልኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ከትራሱ ሥር ጮኸ። እትዬ ናቸው።

"ሥራ ፈተሽ ተቀምጠሻል አሉ" አሉኝ። ድምፃቸው ደረቅ ነው።

"አዎ እትዬ።"

"ረዳቴ አልተመለሰችም፣ ፈርታለች። ነገ አንዳንዶቹ ልጆች ይበላሉ ብለዋል፤ ስንት እንደሚሆኑ አላውቅም። ድንች የሚልጥ ሰው የለኝም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ። ቢላዋሽን ይዘሽ ነይ፣ የኔን አላውስም።"

"እትዬ፣ ይቅርታ…"

"ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም። ድንች ነው ያልኩሽ።"

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ወጥ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ ድስት ምድጃው ላይ ተጥዷል፣ ጭልፋው ሽርጣቸው ላይ ነው። አንድ ጆንያ ድንችና ዝቅ ያለ መቀመጫ በእግራቸው ገፉልኝ። ሃያ ያህል ላጥኩ። ሃያ አንደኛውን እንዳነሣሁ አላስችል አለኝ።

"እትዬ" አልኩ፣ "ልጆቹ ሳይመጡ አብረን እንጸልይ?"

ጭልፋቸውን አወጡ፣ ድስቱን አማሰሉ፣ ቀመሱ፣ ጨው ጨመሩ። ወደ እኔ አልዞሩም።

"ለጊዜው ላጪ" አሉኝ።